በሐዘንና በሕመም ላይ ላሉ ቤቶች ከስብከት እስከ ገና ያሉትን ሳምንታት እንዴት እንምራ?

ዘደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

ሰላም ለእናንተ ይሁን። እንኳን ለጾመ ነቢያት በሰላም አደረሳችሁ።

የሰንበት ትምህርት ቤታችን ዘንድሮ ከገና በፊት ካሉት ሦስት ሰንበታት የመጀመሪያው ከሆነው ከስብከት ሰንበት ጀምሮ ቤት ለቤት የመጠየቅ ዕቅድ ይዟል። የምንሄድባቸው በዚህ ዓመት ሰው የሞተባቸው፣ የአልጋ ቁራኛ የሚያስታምሙ፣ እንዲሁም ተፈናቅለው እዚሁ ከተማችን መጠለያ የሚኖሩ ናቸው። ብዙዎቹ «ዘንድሮ እኛ ምን በዓል አለን» የሚሉ ናቸው፤ ጸሎቱንም የተዉት አሉ። ዳቦ አድርሰን፣ መዝሙር ዘምረን ብንወጣ በማግስቱ ቤቱ እንደነበረ ይሆናል ብለን ሰጋን።

ስለዚህ የምታውቁ ምከሩን። በየሳምንቱ ምን ይነበብ? ስንት ሆነን እንሂድ፣ ምን ያህልስ እንቆይ? መድኃኒት የሚወስድ ሰው «ልጹም» ሲል ምን ይባላል? ሐዘንተኛን ለገና ሌሊት «ና እንሂድ» ብሎ ማበረታታትስ ተገቢ ነው?

መሪጌታ ዘመንዝ

ወንድማችን፣ አገልግሎታችሁን ይባርክላችሁ። እኔ ከምንባቡ ልጀምር፤ ሌላውን ሌሎች ይሞሉታል።

ኅዳር 15 የሚገባው ይህ ጾም ነቢያት «ይወርዳል፣ ይወለዳል» እያሉ የጠበቁበትን ዘመን የምናስብበት ነው። ብዙዎቹ የጠበቁትን በዓይናቸው ሳያዩ ነው ያረፉት። ለዚህ ነው ከዓመቱ ወቅት ሁሉ ልቡ ለተሰበረ ሰው ይህ የሚቀርበው። ደስታውን ከወዲሁ አምጣ አይለውም፤ አብሮት ይጠብቃል።

ከገና በፊት ያሉት ሦስት ሰንበታት ቅደም ተከተላቸውን ልብ በሉ። ስብከት ከታኅሣሥ 7 እስከ 13 ባለው እሑድ ይውላል፣ ብርሃን ከ14 እስከ 20፣ ኖላዊ ከ21 እስከ 27። የሦስቱም ምስባክ (ከወንጌል በፊት የሚዜመው የዳዊት ቃል) ልመና ነው። የስብከቱ ዳዊት 143፥7 ነው፦ «ፈኑ እዴከ እምአርያም፤ አድኅነኒ ወባልሐኒ እማይ ብዙኅ»፤ እጅህን ከአርያም ልከህ ከብዙ ውኃ አውጣኝ የሚል የሰጠመ ሰው ጩኸት። በብርሃን ሰንበት ዳዊት 42፥3 «ፈኑ ብርሃነከ ወጽድቀከ» ይባላል፤ ከውኃው የወጣው ሰው አሁን መንገድ የሚመራው ይለምናል። በኖላዊ ዳዊት 79፥1 «ኖላዊሆሙ ለእስራኤል አጽምዕ» ሲባል እረኛውን ይጣራል። ይህን ቅደም ተከተል አታፋልሱት። ብዙ ጠያቂዎች ገና በመጀመሪያው ቀን ሉቃስ 2ን ከፍተው «ታላቅ ደስታ» ይላሉ። ልጁን በቅርቡ የቀበረ ሰው ያን ጊዜ ምሥራቹ ለጎረቤቱ እንጂ ለእርሱ የተነገረ አይመስለውም። ሉቃስ 2 ለገና ይቆይ።

ወንጌሉም እንዲሁ ይሂድ። ለስብከት ዮሐንስ 1ን ከቁጥር 44 እስከ መጨረሻው አንብቡ። ናትናኤል «ከናዝሬት መልካም ነገር ሊወጣ ይችላልን?» ብሎ ሲጠራጠር ፊልጶስ አልተቆጣውም፤ «መጥተህ እይ» ነው ያለው። እዚህ ቦታ ላይ ቆም በሉ፤ የተጠራጠረ ሰው ቤት ስትገቡ የእናንተም መልስ ይኸው ነው። ለብርሃን ዮሐንስ 1፥1-18ንና ኢሳይያስ 9፥1-7ን፣ ለኖላዊ ዮሐንስ 10፥1-22ንና ሕዝቅኤል 34፥11-16ን ውሰዱ።

ከዳዊት በመጀመሪያው ሳምንት 12ን («እስከ መቼ ትረሳኛለህ») እና 87ን ምረጡ። 87 መጨረሻው ሳይቀር ጨለማ ነው፣ በምስጋና አይዘጋም። አንዳንድ ወጣት ይህን ሲያነብ ይደነግጥና ማጽናኛ ከራሱ ይጨምርበታል። አትጨምሩ። እንዲህ ያለ ጸሎት በቅዱስ መጽሐፍ መኖሩ ራሱ፣ ዝም ያለው ሰው የእርሱ ቃል አስቀድሞ ተጽፎ እንዲያገኘው ያደርጋል። በሁለተኛው ሳምንት 26ንና 42ን፣ በሦስተኛው 22ንና 79ን አንብቡ።

አንድ ጥንቃቄ፦ የምሰጣችሁ ቁጥር የግእዙ ዳዊት ነው። አንዳንድ እትሞችና የስልክ መተግበሪያዎች የዕብራይስጡን ስለሚከተሉ ከ10 በኋላ አብዛኛው በአንድ ይበልጣል። 22ን ስትከፍቱ «እግዚአብሔር እረኛዬ ነው» ካላገኛችሁ አንድ ጨምሩ። 87ን ብላችሁ ስለ ጽዮን መሠረቶች የሚናገረውን ለሐዘንተኛ እንዳታነቡ።

በመካከል ሁለት በዓላት ይረዷችኋል። ታኅሣሥ 19 ቅዱስ ገብርኤል ሠለስቱ ደቂቅን ከእሳት ያዳነበት ነው። ዳንኤል 3፥17ን ብቻ አንብባችሁ አትዝጉ፤ 18ን ጨምሩ። «ሊያድነን ይችላል» ካሉ በኋላ ባያድነንም ለጣዖትህ አንሰግድም ይላሉ። ስለ ሕመምተኛው ሌት ተቀን ሲጸልይ ቆይቶ ላልተፈወሰለት ቤተሰብ ይህች ቁጥር ታስፈልገዋለች፤ ተስፋቸውን በውጤቱ ላይ ብቻ እንዳይሰቅሉት ትይዛቸዋለች። ታኅሣሥ 24 ደግሞ የአባታችን ተክለ ሃይማኖት ልደት ነው፤ የአገራችን የሸዋ ልጅ፣ ቡልጋ ላይ የተወለዱ። ገድላቸው እንደሚናገረው እናታቸው እግዚእ ኀረያ መካን ሳሉ በዳሞቱ ገዥ በሞተለሚ ተማርከው ከቤታቸው የተወሰዱ ናቸው። ልጁ የተገኘው ከዚያ መከራ ወዲህ ነው። ከቀያቸው ለተነሡ እናቶች ይህን አስታውሷቸው። አዝመራው ለጠፋበት ገበሬም ዕንባቆም 3፥17-18 አለለት፤ በለሱ ባያፈራ፣ በጎች ከበረቱ ቢጠፉ የሚለው።

ወለተ ኪዳን

መሪጌታ፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። እኔ ስለ አገባቡና ስለ አወጣጡ ልበል።

ሁለት ሆናችሁ ሂዱ፣ ቢበዛ ሦስት። ብዙ ወጣት ግጥም ብሎ ሲገባ የቤቱ እመቤት የምታስበው ስለ መቀመጫና ስለ ስኒ ነው። ከሁለቱ አንዷ ሴት ትሁን። ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ ብትደርሱ ጾሙ የሚፈታበት ስለሆነ አብሮ ይቆረሳል፤ ከ30 እስከ 40 ደቂቃ ይበቃል፣ ሳይመሽ ውጡ። አንድ ቤት የጀመረ ጥንድ እስከ መጨረሻው እርሱው ይመላለስ። በየሳምንቱ አዲስ ፊት ከመጣ ሐዘንተኛው ታሪኩን ከመጀመሪያው እንዲናገር ይገደዳል።

የምትይዙት ለመሥራት የማያደክም ይሁን፦ አንድ ኪሎ የተዘጋጀ ሽሮ፣ በሶ፣ ግማሽ ኪሎ ቡና ከነስኳሩ፣ አንድ እስር ጧፍ። አስታማሚ ጥሬ እህል ለቅሞ ለማስፈጨት ጊዜ የለውም። እዝን እንደምንወስደው ነው፤ የሐዘን ቤት ምድጃ ቢጠፋም ሰው ጦሙን እንዳያድር። ቅቤና ዶሮው ለገና ዋዜማ ይቆይ።

በመጀመሪያው ቀን መጽሐፍ ቅዱሱ ከቦርሳ አይውጣ። ስለ ሟቹ ጠይቁ፣ ስሙንም ጥሩ። ብዙ ሰው ሐዘኑን እንዳይቀሰቅስ ብሎ ስሙን ይሸሻል፤ ቤተሰቡ ግን የሚፈራው ከነጭራሹ እንዳይረሳ ነው። ስትወጡ የክርስትና ስሙን በቁራጭ ወረቀት ጻፉ፣ «ወልደ» ወይም «ወለተ» ማን እንደሆነ በትክክል አጣሩ፤ እሑድ ከቅዳሴ በፊት ለካህኑ ስጡ፤ በሚቀጥለው ጉብኝት ስሙ በጸሎት መታሰቡን ንገሯቸው። ሕመምተኛም ካለ የእርሱ ስም እንዲሁ። ትንሽ ሥራ ናት፤ ቤተ ክርስቲያን መሄድ ያቃተው ቤት ግን ቤተ ክርስቲያኗ እንደምታስበው የሚያውቀው በዚህች ወረቀት ነው።

«አታልቅሺ፣ የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው» አትበሉ። ጌታችን በአልዓዛር መቃብር አልቅሷል (ዮሐ 11፥35)። «እምነትሽ ቢጠነክር ኖሮ» የሚለውማ ፈጽሞ ከአፋችሁ አይውጣ። የኢዮብ ወዳጆች ሰባት ቀን አብረውት መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ደግ አደረጉ (ኢዮ 2፥13)፤ የበደሉት አፋቸውን ሲከፍቱ ነው።

ከሁለተኛው ጉብኝት ጀምሮ ስታነቡ ከ10 ወይም 12 ቁጥር አትለፉ፤ በአማርኛ፣ ቀስ ብላችሁ። የተጨነቀ ሰው አእምሮ ረጅም ምንባብ አይከተልም። ካነበባችሁ በኋላ ማብራሪያ አትስጡ፤ ጥቂት ዝም በሉ። መናገር ከፈለገ ራሱ ይናገራል።

የጸሎቱን ነገር በተመለከተ ትልቁ ስሕተት ማብዛት ነው። ጸሎት ትቶ የቆየ ሰው በወኔ ተነሥቶ ውዳሴ ማርያሙን፣ ሰይፈ ሥላሴውን፣ መልክአ መልኩን፣ ከዳዊት አንድ ንጉሥ (አሥር መዝሙር) በአንዴ ይይዛል፤ ጥቂት ቀን ሄዶ ያቋርጠዋል፣ ከዚያ «እግዚአብሔርም ፊቱን አዞረብኝ» ይላል። ጠዋትና ማታ በስመ አብ ብሎ አማትቦ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ አንዲት አጭር መዝሙር። አምስት ደቂቃ አይፈጅም። ይህ ለሳምንት ከጸና በኋላ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም ይጨምር። አቅም ለሌለው ስግደት አትዘዙ፤ እርሱ ከንስሐ አባት ጋር የሚያልቅ ነው። ንስሐ አባት ከሌለው ደግሞ የመጀመሪያ ሥራችሁ ካህን ይዛችሁለት መሄድ ነው።

ነርስ ዘደብረ ሲና

ሰላም እኅት ወንድሞች። መድኃኒቱን በተመለከተ ጥያቄው በጣም አስፈላጊ ነው፤ በጾም ወራት ታማሚ የሚብስበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነውና።

የጾም ምግብ በራሱ ለአብዛኛው ሕመምተኛ ችግር አይደለም። ጉዳት የሚመጣው ከሰዓቱ፣ ከውኃ ጥማቱና መድኃኒት ከመዝለል ነው። ኢንሱሊን ወይም የስኳር ክኒን ወስዶ እስከ 9 ሰዓት የሚቆይ ሰው ስኳሩ ሊወርድ ይችላል፦ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ ድንገተኛ ረሃብ፣ የንግግር መዘበራረቅ። ይህን ካያችሁ፣ መዋጥ የሚችል ከሆነ ወዲያው ከ3 እስከ 4 የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጣችሁ አጠጡት፤ በ15 ደቂቃ ካልተሻለው ድገሙለት። ራሱን ከሳተ ግን በአፉ ምንም አታፍስሱ፣ ወደ ጤና ተቋም ሩጡ። የሚጥል በሽታ መድኃኒት ለአንድ ቀን እንኳ ሲቋረጥ የማያቆም ማንቀጥቀጥ ሊያስከትል ይችላል። ለአእምሮ ሕመም የሚታዘዘውን ሊቲየም የሚወስድ ሰው ውኃ ካልጠጣ መድኃኒቱ በደሙ ውስጥ እየበዛ ይመርዘዋል። የድብርት መድኃኒት ደግሞ መሥራት የሚጀምረው ከ2 እስከ 4 ሳምንት ቆይቶ ነው፤ «አልረዳኝም» ብሎ በጾሙ መካከል የሚተወው ብዙ ነው፣ ሕመሙ የሚያገረሽበትም ያን ጊዜ ነው።

ስለዚህ «ልጹም» ላላችሁ ሰው «አትጹም» ብላችሁ አትመልሱለት፤ ልቡ ይሰበራል። ሁለት ሰው ጋር ውሰዱት፦ ሐኪሙ ጋር ሰዓቱን ማስተካከል ይቻል እንደሆነ፣ ንስሐ አባቱ ጋር ለሕመምተኛ የሚሰጠውን ፈቃድ። ቤተ ክርስቲያን ሕመምተኛን፣ ነፍሰ ጡርንና የምታጠባ እናትን አታስገድድም። ከሥጋና ከቅቤ እየተከለከለ ጠዋት በልቶ መድኃኒቱን የሚውጥ ሰው ከጾሙ ማኅበር አልወጣም፤ ይህን ከካህኑ አፍ ቢሰማው ይሻላል።

አሁን ከበድ ያለውን ልናገር። እንቅልፍና የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ ከሰው መራቅ፣ «እኔ ሸክም ነኝ» ማለት ከሁለት ሳምንት በላይ ከዘለቀ ሕክምና የሚፈልግ ድብርት ሊሆን ይችላል። «ባልኖር ይሻል ነበር» የሚል ቃል ከሰማችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉ። በግልጽ ጠይቁ፦ «ራስህን ለማጥፋት አስበህ ታውቃለህ?» መጠየቁ ሐሳቡን አያስገባበትም፤ ብዙዎች ጠያቂ በማግኘታቸው ያርፋሉ። አዎ ካለ ብቻውን አትተዉት፣ ቤት ውስጥ ያለ ማላታይንና ሌላ የተባይ መድኃኒት፣ ገመድም አውጡ፣ የሚያምነውን የቤተሰብ ሰው ጥሩ፣ በዚያው ዕለት ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል ይዛችሁት ሂዱ። «ለማንም አልናገርም» ብላችሁ ቃል አትግቡለት። ካህኑም አብሮ ይሂድ። ጸሎቱና ሕክምናው አይጣሉም።

ዘአንኮበር

ስለ ገና ሌሊት ብቻ ጥቂት። ሐዘንተኛን አበረታቱት፣ አትገፋፉት። «ከፈለግህ በዚህ ሰዓት በር ላይ እንጠብቅሃለን፤ ከደከመህ በማንኛውም ሰዓት አብረን እንመለሳለን» በሉት። መመለሻ እንዳለው ያወቀ ሰው ለመምጣት አይፈራም። ከከበሮው ራቅ ያለ ጥግ ያዙለት፣ መቋሚያም አቀብሉት፤ ሙሉውን ማኅሌት ካልቻለ ለቅዳሴው ብቻ ይምጣ። መቁረብ ከፈለገ አስቀድሞ ንስሐውን ይጨርስ፣ 18 ሰዓት መጾሙንም ከወዲሁ ያስላ፤ የሚወስደው መድኃኒት ካለ ይህን ከካህኑ ጋር ቀድሞ ይነጋገርበት። ለዋዜማ የተተወ ንስሐ በካህናቱ ሥራ መብዛት ምክንያት ብዙ ጊዜ ይቀራል።

በእኛ ደጋ የታኅሣሥ ሌሊት አመዳይ የሚጥል ነው። ጫማ አውልቆ ድንጋይ ወለል ላይ የሚቆም ሽማግሌ ከእግሩ ነው የሚበርደው፤ ወፍራም የሱፍ ካልሲ ሁለት ደርቦ፣ ከጋቢው በላይ የመንዝ በርኖስ ወይም ባና ይልበስ። ጧፍ ስትይዙ የነጠላውን ጥለት ወደ ትከሻ መልሱት፤ ተንጠልጥሎ ነበልባሉ ላይ የሚያርፈው እርሱ ነው፣ በተለይ እንቅልፍ የሚያንገላጅጃቸውን ልጆች ጧፍ አታስይዙ። ቤት ስትመለሱም ከሰል የተቀጣጠለበት ማንደጃ በተዘጋ ክፍል አስገብታችሁ አትተኙ። ጭሱ ባይታይም ይገድላል።

ወለተ ሩፋኤል ዘሞረት

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልን። መሪጌታ፣ ሁለት ነገር ልጠይቅዎ። አርባው በጾሙ መካከል የሚውልበት ቤት «ሳንደግስ ምን ይባላል» ብሎ ብድር ሊገባ ነው፤ ምን እንበለው? ደግሞም ሕመምተኛውን ለሱባኤ ጻድቃኔ ማርያም ሊወስዱት የሚያስቡ አሉ።

መሪጌታ ዘመንዝ

እኅቴ፣ በ40ኛው ቀን ለነፍስ የሚጠቅመው ጸሎተ ፍትሐቱ፣ ቅዳሴውና ለድኻ የሚሰጠው ነው። በጾም ስለዋለ ምግቡም የጾም ነው፤ ጥቂት ነዳያን አብልቶ ማሳለፍ ይበቃል። ይህን ለቤተሰቡ እናንተ አትንገሩ፤ ንስሐ አባታቸውና የዕድሩ ሽማግሌዎች ሄደው ይንገሯቸው። «ምን ይባላል» የሚለውን ፍርሃት የሚያነሣው የሽማግሌ ቃል ነው፣ ብድሩንም ሳይበደሩ በፊት ነው የሚደረስበት። ከበዓሉ በኋላ ዕዳ የቀረበት ቤት ተስፋውን ሁለት ጊዜ ያጣል።

ጻድቃኔን በተመለከተ፣ ይሂዱ፣ እመቤታችን ትርዳቸው። ነገር ግን መድኃኒቱ ለሚቆዩበት ቀንና ለተጨማሪ ሦስት አራት ቀን የሚሆን ተቆጥሮ፣ ጠበል እንዳያገኘው በላስቲክ ተጠቅልሎ ይያዝ። ብቻውን አይሂድ፤ የሚያስታምመው ሰው አብሮት ይደር። «በዚህ ቀን ትድናለህ» ብላችሁ ቀን አትቁረጡለት፤ ቀኑን የሚያውቀው እግዚአብሔር ነው፣ ያ ቀን ሳይሆንለት ሲያልፍ የሚወድቅበትን ውድቀት ማንሣት ከባድ ነው።

ዘደብረ ብርሃን (ጠያቂ)

ቃለ ሕይወት ያሰማልን፤ ነገ ለአባላቱ አነብላቸዋለሁ። አንድ የቀረኝ አለ። በመጠለያው ያሉት ብዙዎቹ መጽሐፍም ጧፍም የላቸውም። ለየቤተሰቡ ጧፍ ብናድልስ? ከገና በኋላስ ጉብኝቱን እናቁም?

ወለተ ኪዳን

በሸራና በላስቲክ መጠለያ ውስጥ ጧፍ አታድሉ፤ አንዱ ቢወድቅ ተርታው በሙሉ ይቃጠላል። በዚያ ፈንታ ምንባቡን በትልልቅ ፊደል በአንድ ገጽ አሳትሙላቸው፦ በአንድ በኩል የሦስቱ ሳምንት መዝሙር ሙሉ ቃሉ፣ በሌላው የበዓላቱ ቀን። ቁጥሩን ብቻ ጽፋችሁ አትስጡ፣ የሚከፍቱት መጽሐፍ የላቸውምና። ማንበብ ለማይችሉት ልጆቻቸው ያንብቡላቸው፤ ለልጆቹም አስቀድማችሁ አስጠኗቸው። ከመካከላቸው የሰንበት ትምህርት ቤት አገልጋይ የነበሩ አሉ፣ ፈልጓቸው። ጸሎቱን እነርሱ ይምሩ፣ እናንተ ተከተሉ። ከመጣበት ቦታ ሁሉን ትቶ ለወጣ ሰው የአገልግሎት ስሙን መልሶ ማግኘት ከእርዳታው እህል ባልተናነሰ ያስፈልገዋል።

ጉብኝቱን በገና አታቁሙት። ቤቱ ይበልጥ ጭር የሚለው ጥምቀትና ቃና ዘገሊላ አልፎ፣ ዘመድ ሁሉ ወደየቤቱ ሲመለስ ነው። ከጥር 13 በኋላ ባለው ሳምንት አንድ ጊዜ፣ ከዚያ በየወሩ በሟቹ የክርስትና ስም ቅዱስ ዕለት ሂዱ፤ ተክለ ሃይማኖት ቢሆን በ24፣ ገብርኤል ቢሆን በ19። የጻፋችኋትን ቁራጭ ወረቀት አትጣሏት፣ ቀኑን የምትነግራችሁ እርሷ ናት።